የእንግሊዝ አገር ጥንታዊ የውሃ ወፍጮዎች ዕጣና አጠባበቃቸው



በ2020 የጸደይ ወራት (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) የኮሮና ወረርሽኝ የእንግሊዝን ሕዝብ በየቤቱ ባስቀመጠ ጊዜ፣ ከየመደብሩ መደርደሪያ ፈጥነው ከጠፉት ሸቀጦች አንዱ ዱቄት ነበር። ስንዴ አልታጣም፤ ታላላቆቹ የዱቄት ፋብሪካዎችም ሥራ አላቆሙም። ያጠረው ለቤት ጋጋሪ በትንንሽ ከረጢት የሚታሸገው ዱቄት ነበር። በዚያን ጊዜ በዶርሴት አውራጃ፣ በስቱር ወንዝ ዳር፣ በስተርሚንስተር ኒውተን የሚገኘው የውሃ ወፍጮ ከ50 ዓመት በኋላ እንደገና ለገበያ መፍጨት ጀመረ። ይህ ወፍጮ የንግድ ሥራውን ያቆመው በ1970 ነው። ከዚያ ወዲያ ሙዚየም ሆኖ ጐብኚ በሚመጣበት ቀን ጥቂት ጥቂት ይፈጭ ነበር። ጐብኚው ሲቀር ለዓመቱ የሚበቃው ስንዴ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዱቄት ሆኖ ለአካባቢው ሰው ደረሰ። መጠኑ አንድ ቶን ያህል ነበር።

ወሬው በየጋዜጣው እንደ ደስ የሚል ጨዋታ ተነበበ። መሐንዲስ ግን ሌላ ነገር ይጠይቅበታል። ግማሽ ምእት ዓመት ከንግድ የራቀ መኪና በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሥራ ሊነሣ የቻለው በምን ምክንያት ነው? ግድቡ አልፈረሰም፤ የውሃ በሮቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ድንጋዮቹን መውቀር የሚያውቁ ሰዎችም በአጠገቡ ነበሩ። በዚያው አገር ግድግዳቸው ከዚህኛው ይልቅ ያማረ፣ ጣራቸው የታደሰ፣ በራፋቸው ላይ ጽጌረዳ የተተከለላቸው ብዙ ወፍጮዎች አሉ። ከእነዚህ አንድ እፍኝ እህል ሊፈጭ የማይችለው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። የዚህ ንግግር ነገር የሚያጠነጥነው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

በ1086 በንጉሥ ዊሊያም ትእዛዝ የተጠናቀረው የዶምዝደይ መዝገብ ከ5,000 የሚበልጡ ወፍጮዎችን ይጠቅሳል። የነፋስ ወፍጮ በዚያ አገር ገና አልታወቀም ነበርና እነዚህ ከሞላ ጐደል በውሃ የሚሠሩ ነበሩ። ወፍጮው የባላባቱ ሀብት ነው፤ ገባሩ እህሉን በዚያ እንዲያስፈጭ ይገደድ ነበር፤ ለዋጋውም ከእህሉ ተቈንሶ ይቀርበታል። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ ወፍጮ ማለት ቤቱና ድንጋዩ ብቻ ሳይሆን በወንዙ ላይ ያለ መብት ጭምር ነበር። ይህ ነጥብ ኋላ ይመለሳል።

የመኪናው አሠራር ቀላል ይመስላል። ወንዙ በግድብ ከፍ ይደረጋል፤ ውሃው በቦይ ተመርቶ በውሃ በር በኩል ወደ መንኰራኵሩ ይለቀቃል። መንኰራኵሩ በደቂቃ አሥር ጊዜ እንኳ አይዞርም ይሆናል። ድንጋዩ ግን ልም ዱቄት እንዲያወጣ በደቂቃ ከመቶ ጊዜ በላይ መዞር አለበት። ይህን የፍጥነት ልዩነት የሚያቀራርቡት ተራ በተራ የተያያዙ ጥርሳም መዘውሮች ናቸው። የላይኛው ድንጋይ የመጅን ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን ወዲያና ወዲህ ሳይል ክብ እየዞረ፣ ከታችኛው ጋር ሳይነካካ፣ የወረቀት ውፍረት በምታህል ክፍተት ተለይቶ ነው። ድንጋይ ከድንጋይ ከተነካካ የእሳት ብልጭታ ይነሣል፤ የዱቄት ብናኝና የእሳት ብልጭታ የተገናኙበት ወፍጮ ቤት ደግሞ ዕድሜ የለውም።

ከመዘውሮቹም አንዱ ልብ ሊባል ይገባዋል። የብረት ጥርስ ያለው መዘውር ከእንጨት ጥርስ ካለው ጋር እንዲገጥም ይደረግ ነበር። እንጨቱ ከአፕል ዛፍ ወይም ሆርንቢም ከሚባለው ጠንካራ ዛፍ ይፈለጣል። ይህ የድህነት ምልክት የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገሩ ግን የታሰበበት ነው። እንጨትና ብረት ሲገጥሙ ድምፁ ይለዝባል፤ መኪናው ድንገት ቢነክስ የሚሰበረው አንድ የእንጨት ጥርስ ነው፤ እርሱን ባለወፍጮው ራሱ ጠርቦ ይተካዋል። ዋናው ብረት ግን ይተርፋል። ዛሬ ኤሌክትሪክ መሥመር ላይ ፊውዝ የሚደረግበት ሐሳብ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ይህ ሁሉ የቆመው በአናጢ ልምድ ላይ ነበር፤ በልኬት የመረመረው ጆን ስሚተን ነው። ስሚተን በትንሽ አምሳያ መንኰራኵር ላይ ያደረገውን ሙከራ በ1759 ለለንደኑ የሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። ውሃው ከላይ የሚወርድበት መንኰራኵር፣ ውሃው ከሥር ከሚገፋው በእጥፍ ያህል የተሻለ ኃይል እንደሚሰጥ አሳየ፤ በዚሁም ዓመት የማኅበሩን የኮፕሊ ሜዳይ ተሸለመ። ዛሬ ማንኛውም ተማሪ ሊያሰላው ይችላል፤ በሴኮንድ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ከሁለት ሜትር ከፍታ ሲወርድ 20 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል። መንኰራኵሩ ከዚህ ስድሳ በመቶውን ቢይዝ ወደ 12 ኪሎዋት ይተርፋል። ከፍታው በግማሽ ሜትር ቢቀንስ ሩቡ ይጠፋል። በዝቅተኛው የእንግሊዝ ምድር፣ ወንዙ ተኝቶ በሚሄድበት፣ እያንዳንዷ ስንዝር ከፍታ ሀብት ነበረች፤ ጐረቤታሞች ባለወፍጮዎች ስለ ግድብ ልክ ፍርድ ቤት የሚካሰሱትም በከንቱ አልነበረም።

የገጠር ወፍጮዎችን የጣላቸው የእንፋሎት ሞተር ብቻ ነው የሚለው አባባል ጉዳዩን ያሳጥረዋል። በ1846 ከውጭ በሚገባ እህል ላይ የነበረው የቀረጥ ሕግ ተሻረ፤ ከሰሜን አሜሪካ የሚመጣው ጠንካራ ስንዴ በየወደቡ ይራገፍ ጀመር። ለዚህ ስንዴ በሃንጋሪ የዳበረው የብረት ሲሊንደር ወፍጮ ከድንጋይ ይልቅ ተስማማው፤ ፉርሽካውን ለይቶ ነጭ ዱቄት ያወጣልና። ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሊቨርፑል፣ በሀልና በለንደን ወደቦች ታላላቅ ፋብሪካዎች ተነሡ። የመንደሩ ወፍጮ ለከብት መኖ ግርድፍ ወደ መፍጨት ወረደ፤ ከዚያም አንድ በአንድ ተዘጋ።

የጥበቃው ታሪክ በዘገየ እርምጃ ይጀምራል። ዊሊያም ሞሪስ በ1877 ያቋቋመው የጥንታዊ ሕንፃዎች ጠባቂ ማኅበር በ1931 ስለ ነፋስ ወፍጮዎች አንድ ክፍል አደራጀ፤ የውሃ ወፍጮዎች የተጨመሩት ግን በ1940ዎቹ ነው። ነፋስ ወፍጮ ከኮረብታ ላይ ሆኖ ይታያል፤ የውሃ ወፍጮ ከሸለቆ ውስጥ ተሸሽጎ የማንንም ዐይን አይስብም፤ የመዘግየቱ አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። በዚያው ዘመን ፈርጉሰንስ ጋንግ በሚል ስም የሚታወቁ፣ ፊታቸውን በጭምብል የሸፈኑ ወጣት ሴቶች ገንዘብ አሰባስበው በሰሪ አውራጃ የሚገኘውን የሻልፎርድን ወፍጮ አሳደሱና በ1932 ለናሽናል ትረስት አስረከቡ። መፍጨት ያቆመው በ1914 ነበር። መኪናው ዛሬም በቦታው አለ፤ አይፈጭም።

የዊንቸስተር ከተማ ወፍጮ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ። በ1740ዎቹ እንደገና የተሠራው ይህ ወፍጮ በ1920ዎቹ መጨረሻ ከመፍረስ ተርፎ ለዚሁ ድርጅት ተሰጠ፤ በ1931 የወጣት መንገደኞች ማደሪያ ሆነ። እንግዶቹ ጠዋት ጠዋት በወፍጮው ቦይ ውሃ ይታጠቡ እንደ ነበር ይነገራል። ብዙ ዓመት የፈጀ የጥገና ሥራ ተደርጎለት በ2004 እንደገና ዱቄት አወጣ።

ሁለቱ ወፍጮዎች በአንድ ባለቤት እጅ ሆነው ሁለት የተለያዩ ሐሳቦችን ይወክላሉ። የሚፈጭ መኪና ይበላል፤ ጥርሱ ይለወጣል፣ የመንኰራኵሩ ሳንቃ በስብሶ ይተካል፣ ከጊዜ በኋላ ከጥንቱ እንጨት የሚቀረው ጥቂት ነው። የቆመ መኪና ግን የጥንቱን አናጢ የመጥረቢያ ምልክት ሳይቀር ይዞ ይኖራል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ የሻልፎርድ ዐይነቱ የሚለካበት፣ የዊንቸስተር ዐይነቱ የሚሠራበት። አሳዛኙ ሦስተኛው ዐይነት ነው፤ ይኸውም ወደ መኖሪያ ቤት የተለወጠው። መዘውሩ ለሳሎን ጌጥ ይቀራል፤ ፎቁን ለመኝታ ክፍል ሲሉ የድንጋዮቹን መድረክ ይነቅላሉ፤ ቦዩ ምድር ቤቱን ያረጥባል ተብሎ ይደፈናል። የቅርስ ሕግ ግድግዳውን ይጠብቃል፤ ስለ ውሃው ከፍታ ግን የሚለው ነገር አነስተኛ ነው። የዶምዝደይ ባላባት ከጣራው አስቀድሞ ይጠብቀው የነበረው ያ በወንዙ ላይ ያለው መብት፣ ቤቱ በውድ ዋጋ ሲሸጥ በነፃ ይጣላል።

ወንዙም የራሱ ጠበቆች አሉት፤ ክርክራቸው በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። ኢል የሚባለው እባብ መሰል ዓሣ ከውቅያኖስ መጥቶ በወንዝ ያድጋል፤ ወደ አውሮጳ የሚደርሰው ጫጩት ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ከዘጠና በመቶ በላይ ቀንሷል። ግድብ ብቸኛው ምክንያት ባይሆንም መንገዱን ይዘጋል። በ2009 የወጣው የእንግሊዝና የዌልስ ደንብ ለኢል መተላለፊያ እንዲሠራ ያስገድዳል። ማንም የማይጠቀምበት፣ ወፍጮው ከጠፋ መቶ ዓመት ያለፈው ግድብ ቢፈርስ የሚያዝን መሐንዲስ ሊኖር አይገባም። ወፍጮው ባለበት ግን ከማፍረስ በፊት የዓሣ መሰላል ይሞከር፤ አንድ ጊዜ የወረደ የውሃ ከፍታ ዳግመኛ ፈቃድ አያገኝምና።

ለጥገናው ገንዘብ የተገኘበት አንድ ዘዴ በኦክስፎርድሻየር፣ በቴምዝ ወንዝ ላይ በሜፕልደራም ይታያል። በዚያ ያለው የእህል ወፍጮ በአሮጌው መንኰራኵር ይፈጫል፤ በአጠገቡ በ2010ዎቹ መጀመሪያ የተተከለው የአርኪሜዲስ ጠመዝማዛ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ጠመዝማዛው ለዝቅተኛ ከፍታ የሚስማማ፣ በዝግታ የሚዞርና ዓሣን እምብዛም የማይጐዳ መኪና ነው። ያም ሆኖ ወንዙ በሚጐድልበት ወራት አንድ ውሃ ለሁለት ጌታ አይበቃም፤ ኤሌክትሪኩ በየቀኑ ሒሳብ ያስገባል፤ ድንጋዩ ግን ባለሙያ ይፈልጋል።

ባለሙያውም እያነሰ ነው። የወፍጮ አናጢነት በእንግሊዝ አገር ለመጥፋት ከተቃረቡ የእጅ ሙያዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ድንጋዩን የሚወቅር ሰው የላይኛውን ድንጋይ በማንሻ አንሥቶ ይገለብጣል፤ በቀይ ቀለም የተቀባ ቀጥ ያለ እንጨት በገጹ ላይ አሽቶ ከፍ ያለውን ቦታ ይለያል፤ ከዚያም ክርኑን በትራስ ላይ አሳርፎ እየነጠበ ውቅራቱን ያድሳል። የመዶሻው ፍንጣሪ ብረት በእጁ ቆዳ ሥር እየገባ ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል። በቀድሞው ዘመን ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ ሥራ የሚጠይቅ ወቃሪ ሲመጣ ባለወፍጮው አስቀድሞ እጅህን አሳየኝ ይለው ነበር።