ያነበቡትን ስለ ማስተዋል

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። የመረጥነው ርእስ የእንግሊዝኛን ጽሑፍ አንብቦ ስለ ማስተዋል ነው። በበዓል ቀን ስለ ንባብ መናገር ለአንዳንድ ሰው ደረቅ ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን ከመሸንቲና ከዙሪያዋ ገጠር በእግሩ እየመጣ የሚማር ልጅ የወደፊት ዕድሉ ከዚሁ ነገር ጋራ የተሳሰረ ስለ ሆነ፥ በመዝሙሩና በጭብጨባው መካከል ጥቂት ደቂቃ ብትሰጡን የሚያስቆጭ አይሆንም ብለን እናምናለን።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት በአገራችን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በየአካባቢው ቋንቋ፥ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ግን በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ተወሰነ። እንግሊዝኛም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል። እንግዲህ በአማርኛ ሲማር የቆየው ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ፥ እንግሊዝኛ ከትምህርቶች አንዱ መሆኑ ይቀርና የትምህርቶች ሁሉ በር ይሆንበታል። የሥነ ሕይወቱም፥ የፊዚክሱም፥ የታሪኩም፥ የጂኦግራፊውም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ጎተራው እህል ቢሞላ በሩን መክፈት ያልቻለ ሰው ጦሙን ያድራል።

ይህ ችግር ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና መመልከት ይበቃል። ፈተናው ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ተሰብስበው እንዲወስዱት ከተደረገ ወዲህ፥ ከተፈታኞቹ መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። የዚህ ሁሉ ምክንያት እንግሊዝኛ ብቻ ነው አንልም። የመጻሕፍት እጥረት አለ፤ የመምህራን እጥረት አለ፤ በክልላችንም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ይሁን እንጂ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ተጽፎ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ጥያቄውን በትክክል ያላስተዋለ ተማሪ እውቀቱን ለማሳየት እንኳ ዕድል አያገኝም። «ኤክሴፕት» የሚለውን አንድ ቃል ሳያይ ያለፈ ተማሪ ፊዚክስ ዐዋቂ ቢሆንም መልሱን ገልብጦ ይመልሳል። የወደቀው በፊዚክስ ነው ተብሎ ይጻፍለታል እንጂ በንባብ ነው የሚለው የለም።

አሁን ወደ አገራችን የጥንት ትምህርት ዘወር እንበል፤ ከዚያ የምንማረው ነገር አለና። በአብነት ትምህርት ቤት ልጅ በመጀመሪያ ፊደል ይቆጥራል፤ ቀጥሎ ፊደለ ሐዋርያ የሚባለውን የዮሐንስን መልእክት፥ በኋላም ዳዊትን ያነባል። ይህ ንባብ ቤት ይባላል። በንባብ ቤት ያለ ልጅ ግእዙን አጥርቶ፥ የሚነሣውን አንሥቶ፥ የሚወድቀውን ጥሎ ያነባል፤ ትርጉሙን ግን አያውቀውም፤ እንዲያውቅም ገና አይጠየቅም። ትርጉሙ የሚመጣው በኋላ ነው። በቅኔ ቤት ባለቤቱንና ማሰሪያውን፥ አገባቡን ይማራል፤ በመጽሐፍ ቤት ደግሞ አንዱን ቃል «አንድም እንዲህ ነው፥ አንድም እንዲህ ነው» እያሉ መምህራኑ ሲያመሠጥሩለት ይሰማል። እንግዲህ ሊቃውንቱ ድምፅ አውጥቶ ማንበብና ማስተዋል ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች መሆናቸውን ዐውቀው፥ ለየብቻቸው ቤት ሠርተውላቸው ነበር።

የዛሬው የእንግሊዝኛ ትምህርት ችግር ባጭሩ ሲነገር ይኸው ነው፦ በብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪው ከንባብ ቤት ሳይወጣ ከፍተኛ ክፍል ይደርሳል። በክፍል ውስጥ አንዱ ይነሣና አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ይከተላል፤ ከዚያ መምህሩ ይተረጉማሉ፤ ደወል ይደወላል። የተነበበው ነገር በማን አእምሮ ውስጥ ገባ ተብሎ ቢጠየቅ፥ በመምህሩ አእምሮ ውስጥ ቀድሞም ነበረ፤ በተማሪው ግን አልገባም። ይህን ስንል መምህራንን ለመውቀስ አይደለም። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ተጨናንቆ፥ አንድ መጽሐፍ ለብዙ ልጅ ሲሆን ሌላ መንገድ ለማግኘት እንደሚያስቸግር እናውቃለን።

ታዲያ ማስተዋልን በምን እንለማመደው? በእኛ አስተያየት አራት ነገሮች ዋነኞች ናቸው።

አንደኛ፥ ከማንበብ በፊት መጠየቅ ነው። ገበያ የሚሄድ ሰው የሚገዛውን ሳያስብ ከቤቱ አይወጣም። አንባቢም ርእሱን፥ ሥዕሉ ካለ ሥዕሉን፥ በመጨረሻ የቀረቡትን ጥያቄዎች አስቀድሞ አይቶ፥ «ይህ ጽሑፍ ምን ሊነግረኝ ነው? እኔስ ስለዚህ ነገር የማውቀው ምንድን ነው?» ብሎ ቢጀምር ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ሁለተኛ፥ የዐረፍተ ነገሩን አሠራር ማወቅ ነው። በአማርኛ ማሰሪያው በመጨረሻ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ግን ከባለቤቱ ቀጥሎ በመካከል ይገባል። እኛ «ከደንገል የሚሠራ ታንኳ» ስንል እንግሊዞቹ ታንኳውን አስቀድመው፥ ከደንገል መሠራቱን ከኋላው ያስከትላሉ። ስለዚህ እንግሊዝኛውን በአማርኛ ሥርዐት ቃል በቃል የሚተረጉም ተማሪ፥ ቃሎቹን ሁሉ ቢያውቅም ሐሳቡ ይጠፋበታል። ረጅም ዐረፍተ ነገር ሲገጥመን መጀመሪያ ባለቤቱንና ማሰሪያውን ፈልገን እናግኝ፤ የቀረው ሁሉ በነዚያ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እንደዚሁም «ሃውኤቨር»፥ «ኦልዞ»፥ «አንለስ» የሚባሉትን አገባቦች እናክብራቸው። ትናንሾች ናቸው፤ ነገር ግን በር ላይ እንደሚቆም ዘበኛ ሐሳቡን ወዲያና ወዲህ የሚመልሱት እነርሱ ናቸው።

ሦስተኛ፥ ያላወቁትን ቃል ከአካባቢው መገመት ነው። በእያንዳንዱ ቃል መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው አምስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ይረሳዋል። ቃሉን በእርሳስ አስምሮ ማለፍ፥ ከፊቱና ከኋላው ካለው ቃል ትርጉሙን መገመት፥ አንቀጹ ካለቀ በኋላ ግምቱ ልክ መሆኑን በመዝገበ ቃላት ማረጋገጥ ይሻላል። በራስ ግምት የተገኘ ቃል ሰው ከነገረን ቃል ይልቅ በአእምሮ ይጸናል።

አራተኛ፥ ያልተጻፈውን ማንበብ ነው። ይህ ለእኛ አገር ልጅ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባውም። ጎጃም የዋሸራ አገር ናት፤ ሰምና ወርቅን የማያውቅ ማን አለ? ቅኔ የሰማ ሰው ሰሙን ይዞ ዝም አይልም፤ ወርቁን ይፈልጋል። የእንግሊዝኛው ጽሑፍም ጸሐፊው በግልጽ ያላለውን፥ ነገር ግን ካለው ነገር የሚከተለውን ፈልጉ ሲለን የሚጠይቀን ከዚህ የራቀ አይደለም።

እነዚህን በአንድ ምሳሌ እናሳያችሁ። በእንግሊዝኛ እንዲህ የሚል አጭር ጽሑፍ ቀረበ እንበል፦ «የጣና ዓሣ አጥማጆች ከደንገል የሚሠራውን ታንኳ ዛሬም ይጠቀሙበታል። ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ብዙ ጊዜ አያገለግልም። ሆኖም ደንገሉ በሐይቁ ዳር ስለሚበቅል፥ ባለቤቱ ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ ሌላ ይሠራል።» በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ እንግሊዝኛው «ኢት» የሚል ቃል ያስገባል። ይህ «ኢት» ሐይቁ ነው፥ ደንገሉ ነው ወይስ ታንኳው? ውሃ ጠጥቶ የሚከብደውና ማገልገሉን የሚተወው ታንኳው መሆኑን ያስተዋለ ተማሪ መልሱን አገኘ። ቀጥሎ ዋናው ሐሳብ ምንድን ነው ቢባል፥ «ጣና ትልቅ ሐይቅ ነው» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አይደለም። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እውነት የሆነውን ሁሉ ትክክለኛ መልስ ያደርገዋል። በመጨረሻም «በሐይቁ ዳር ያለው ደንገል ቢጠፋ ምን ይሆናል?» ቢባል መልሱ በጽሑፉ ውስጥ አልተጻፈም፤ ነገር ግን ሦስተኛውን ዐረፍተ ነገር ያስተዋለ ሰው የታንኳው ሥራ እንደሚከብድና ዋጋውም እንደሚወደድ ይመልሳል። እነሆ፥ ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ይዘን ይህን ያህል ከሠራን፥ ልምምድ ለማድረግ የግድ ወፍራም መጽሐፍ አያስፈልግም ማለት ነው።

ከእኛ መካከል በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ጓደኞች የምናውቀው አንድ መልካም ልማድም አለ። ታሪኩ ተነቦ ሲያልቅ መጽሐፉ ይዘጋና ተማሪው በራሱ ቃል ደግሞ እንዲናገር ይደረጋል። በእንግሊዝኛ ቢያቅተው በአማርኛ ይናገር። በአማርኛ መናገሩ ነውር አይደለም፤ ያስተዋለ መሆኑ የሚታወቅበት መንገድ ነው። በአማርኛ ያነበበውን ዋና ሐሳብ ለይቶ ማውጣት ያልለመደ ልጅ በእንግሊዝኛ ሊያወጣ አይችልምና፥ የአማርኛ ንባብም የእንግሊዝኛ ንባብ መሠረት መሆኑን አንርሳ። ከጎጃም የተነሡት ሐዲስ ዓለማየሁ በመጀመሪያ የተማሩት የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ነበር፤ በኋላ በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ተምረው በለንደን የአገራችን አምባሳደር እስከ መሆን ደረሱ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውንም መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. በአማርኛ አበረከቱልን። የራሱን ቋንቋ ያጠለቀ ሰው የሌላውን ለመማር አቅም አያንሰውም።

ትምህርት በእንግሊዝኛ መሰጠቱ ራሱ ልክ አይደለም የሚሉ ዐዋቂዎች አሉ። ክርክሩ ትልቅ ነው፤ እኛም በቀላሉ የምናልፈው አይደለም። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን ፈረንሳይኛ ይበልጥ ይሠራበት እንደ ነበረ፥ ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን እንደ ያዘ ስናስብ፥ የትምህርት ቋንቋ ከሰማይ የወረደ ሕግ አለመሆኑን እንረዳለን። ነገር ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ፈተናው አይጠብቀንም። ወንዝ ሞልቶ ሳለ ድልድዩ የት ይሠራ እያሉ ሲከራከሩ ዋና መማር የሚያስፈልገው በዚህ ዳር ያለው መንገደኛ ነው።

ስለዚህ ሦስት ልመና እናቀርባለን።

ክቡራን መምህራኖቻችን ሆይ፤ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ ድምፅ ሳናወጣ ለየራሳችን የምናነብበት፥ ከዚያም የምንጠየቅበት ሰዓት ይኑር። የፊዚክስና የታሪክ መምህራንም የመጽሐፉን አንድ አንቀጽ አብረውን እያነበቡ ባለቤቱንና ማሰሪያውን ቢያሳዩን፥ ሥራው የእንግሊዝኛ መምህር ብቻ ሸክም አይሆንም።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን ሆይ፤ እናንተ ፊደል ባትቆጥሩም እንኳ ልትረዱን ትችላላችሁ። ማታ ልጃችሁን «ዛሬ ምን አነበብህ? እስኪ ንገረኝ» በሉት። አንብቦ ለእናቱ በአማርኛ አስረድቶ የተናገረ ልጅ ትምህርቱን ሁለት ጊዜ ተማረ። ይልቁንም ሴት ልጆቻችሁን አስቡ። ውሃው፥ እንጨቱ፥ እንጀራው በእኅቶቻችን ትከሻ ላይ ሆኖ ወንዱ ልጅ በመብራቱ ሥር ብቻውን ከተቀመጠ፥ ፈተናው አንድ ሆኖ ሳለ የማጥኛው ጊዜ ሁለት ዓይነት ይሆናል። ለእነርሱም አንድ ሰዓት ስጡልን።

ውድ ታናናሾቻችን ሆይ፤ 12ኛ ክፍል እስክትደርሱ አትጠብቁ። አምስት ሆናችሁ በአንድ መጽሐፍ ተሰብሰቡ፤ በቀን አንድ ገጽ አንብቡ፤ አንዱ ይጠይቅ፥ ሌላው ይመልስ፥ ሦስተኛው መልሱ ከየትኛው መስመር እንደ ተገኘ በጣቱ ያሳይ። መስመሩን ማሳየት ያልቻለ መልስ ግምት ነውና አትቀበሉት። አዲስ ቃል የምትጽፉበት አንድ ደብተር ይኑራችሁ፤ ቃሉን ብቻውን ሳይሆን ከነዐረፍተ ነገሩ ጻፉት። በአንድ ቀን ለውጥ አይታይም፤ ቀስ በቀስ ግን ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

እኛ ከዚህ ትምህርት ቤት የምንሰናበት ነን። ከእኛ መካከል ከመንገዱ ማዶ ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚያልፍ ይኖራል፤ ወደ እርሻው ወይም ወደ ንግዱ የሚመለስም ይኖራል። የመድኃኒትን ወይም የማዳበሪያን ወረቀት አንብቦ ጎረቤቱን የሚያስጠነቅቅ ሰው ግን በሁለቱም ቦታ ያስፈልጋል። ስለዚህ ማስተዋል ለፈተና ብቻ የሚለመድ አይደለም።