ገፈራና ከሰብሉ ጋር የሚገቡ ረቂቅ ተሕዋስያን



በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላ ላይ የተቋቋመው ካዱ፣ የተሻሻሉ ላሞችን ከመኖ ሰብል ጋር ለአርሲ ገበሬ አስተዋውቋል። የመኖ አጃና ቬች በደጋው የሚደርሱት ግን ዝናቡ ገና ባላባራበት ወቅት ስለሆነ ድርቆሽ ማድረቅ ያስቸግራል። ስለዚህ ሰብሉን በእርጥቡ አምቆ ገፈራ፣ ማለትም ሳይሌጅ፣ ማድረግ ተመራጭ ይሆናል። ይሁንና ከአንድ ማሳ የታጨደ ሰብል በአንዱ ጉድጓድ መልካም መኖ ሲሆን በሌላው ይከረፋል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

በቆመ ሰብል ቅጠል ላይ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ቁጥራቸው ግን ብዙውን ጊዜ በግራም ከ100,000 በታች ነው። ስኳሩን የሚሻሟቸው ሌሎች ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ይበዛሉ። ጉድጓዱ ተዘግቶ አየር ሲያልቅ የላክቲክ ባክቴሪያዎች ካየሉ የአሲድነት መጠኑ (ፒኤች) ወደ 4 ይወርዳል፤ መኖውም ሳይበላሽ ይቆያል። ከእነርሱም አንዱ ወገን ስኳሩን ያለ ብዙ ብክነት ላክቲክ አሲድ ያደርገዋል። ሌላው ከፊሉን በጋዝ መልክ ያባክናል፤ ነገር ግን የሚሠራው አሴቲክ አሲድ ጉድጓዱ ሲከፈት ሻጋታን ይከላከላል። ከአፈርና ከፍግ የሚመጣው ክሎስትሪዲየም ካየለ ግን ላክቲክ አሲዱን ወደሚከረፋ ቡቲሪክ አሲድ ይለውጣል፤ ፕሮቲኑንም ያፈርሳል።

ቅጠሉ ላይ ማን እንዳለ መሐንዲስ አይመርጥም፤ ማን እንደሚያሸንፍ ግን ሊወስን ይችላል። ሰብሉን አጠውልጎ ደረቅ ይዘቱን ወደ 30 በመቶ ማድረስ ክሎስትሪዲየምን ያዳክማል። አሳጥሮ መከታተፍ ስኳሩን ከግንዱ ያወጣል። አጥብቆ መርገጥና ሳይዘገዩ መክደን አየርን ያስወግዳል። ጭቃ የያዘ የትራክተር ጎማ ጉድጓድ እንዳይገባ መከልከልም ዋና ሥራ ነው። ቬች ፕሮቲን ቢኖረውም ስኳሩ አነስተኛ ሲሆን መኮምጠጥንም ይቋቋማል፤ ከአጃ ጋር ሲደባለቅ ግን አጃው ስኳሩን ያሟላለታል። የደጋው ብርድ መብላላቱን ስለሚያዘገይ ለመክፈት መቸኮል አይገባም።

ፊንላንዳዊው ቪርታነን እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ፣ ተሕዋስያኑን ሳይጠብቁ በመኖው ላይ አሲድ በመጨመር ከብልሽት የመጠበቅ ዘዴ ነበር። ዛሬ ደግሞ በፋብሪካ የተዘጋጀ ባክቴሪያ ይሸጣል። የተፈጥሮው ባክቴሪያ ባነሰበትና ስኳር በበቃበት ቦታ ይረዳል፤ አየር የሚያስገባን ጉድጓድ ግን አያድንም። የቆጮ እናቶች እንሰቱን በጉድጓድ አምቀው፣ በቅጠል ሸፍነውና በድንጋይ ተጭነው ሲያብላሉ የኖሩት ከውጭ በመጣ ባክቴሪያ አይደለም።

ስለሆነም ሁለት ላም ያለውን ገበሬ «ግዛ» ከማለታችን በፊት ጉድጓዱን በትክክል እንዲሠራ እንርዳው። የቁሉምሳ ምርምር ማዕከልና የአርሲ ዩኒቨርሲቲ የሙያ ጓደኞቻችንም በደጋው አጃ ላይ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ቢለዩልን፣ የሚሸጠው ዝግጅት የት እንደሚያስፈልግና የት እንደማያስፈልግ በማስረጃ ለመናገር እንችላለን።