ከሚዛን ይልቅ ወገብ

ሁለት ሰዎች እኩል 5 ኪሎ ቢጨምሩም ስቡ አንድ ቦታ ላይ አያርፍም። በወጣት ሴቶች ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ወደ ዳሌና ጭን ይመራዋል፤ የወር አበባ ሲቋረጥ ግን ወደ ሆድ ያዘነብላል። ወንዶችን አብዛኛውን ጊዜ ቦርጭ ይቀድማቸዋል። ዘርም ድርሻ አለው።

ከቆዳ ሥር ያለው፣ በጣት ቆንጠጥ የሚደረገው ስብ ያን ያህል አያሰጋም። እኔን የሚያሳስበኝ በአንጀትና በጉበት ዙሪያ የሚከማቸው ነው። በቀላሉ ወደ ደም ይለቀቃል፤ ጉበትን ያጨናንቃል፤ ኢንሱሊን ሥራውን በአግባቡ እንዳይሠራ ያደርጋል። ለስኳርና ለልብ ሕመም በር የሚከፍተው ይህ ነው። እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ቦርጭ ያወጣ ሰውም ከስጋቱ አያመልጥም።

ጉለሌ ያለው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2007 ዓ.ም. አገር አቀፍ ጥናት ሲያካሂድ ከክብደት ጋር ወገብም ለክቷል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ፣ ወንድ ከ94፣ ሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፉ ስጋቱ ይጨምራል። ስትለኩ ትንፋሻችሁን አውጡ፤ ሆዳችሁን ግን አትሳቡ።

ሆድን ለይቶ የሚያቀልጥ ስፖርት የለም። የእንጦጦን ዳገት አዘውትሮ በእግር መውጣት ግን፣ ሚዛኑ ብዙም ሳይነቃነቅ እንኳ፣ የውስጡን ስብ ሊቀንስ ይችላል።