የሊቁ ንጉሥ ፍርሃት

ወገኖቻችን፣ ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ የተማረ ሰው ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ይባላል። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ነገሠ። ከእኛ ከመሐል ሜዳ ወደ ደቡብ ያለችውን ደብረ ብርሃንን የቆረቆራት እሱ ነው። እንደ መጽሐፈ ብርሃን ያሉ መጻሕፍት በስሙ አሉ፤ ሊቅ ነበር።

ይህ ሊቅ ግን መተትና አስማት አጥብቆ ይፈራ ነበር። ሰው ሁሉ ሰይጣንን መካዱን በክንዱ ላይ እንዲጽፍ አዘዘ። ከዚያ ጠቋሚዎች መጡ። የገዛ ልጆቹ ደስክና ዲኖ ለሚባሉ አጋንንት ይሰግዳሉ ብለው ነገሩት። አመናቸው። ወንዶቹንም ሴቶቹንም አስገረፈ፤ የሞቱም አሉ። ሕዝብ ሰብስቦ ይህንኑ ሲናገር ሰው ሁሉ አለቀሰ ይላል ዜና መዋዕሉ። ማስረጃው ምን ነበር? የሰው አፍ! ጠቋሚዎቹም ኋላ በተራቸው ተጋዙ፤ የሞቱት ልጆች ግን አልተመለሱም። ንጉሡንም ፍርሃቱ አልለቀቀውም። መተተኛ እንዳይደርስበት እየተባለ፣ ደብረ ብርሃን ግቢው ውስጥ ካህናት ሌትና ቀን ዳዊት እየደገሙ ጠበል ይረጩ ነበር።

እኛስ ብንሆን? ልጅ ሲሞትብን፣ ከብት ሲያልቅብን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ በልቶ ነው እያልን እናማለን። ማረሻችንን የሚያበጅልን፣ ምጣዳችንን የምትሠራልን እነሱ አይደሉም እንዴ? ሕፃኑን የገደለው የሳንባ ምች ወይም ተቅማጥ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ጤና ጣቢያ ቢደርስ ሁለቱም መድኃኒት አላቸው። ባለእጁ ጎረቤታችን ግን ለቅሶ ሊደርሰን እየፈለገ፣ ፈርቶ ከቤቱ ይቀራል።