ስለ ማዕከላዊ እስያ ጥንድ ነጋሪት አሠራር



የሙዚቃ መሣሪያ ሲነሣ ምስጋናው አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ለመቺው ነው። በማዕከላዊ እስያ፥ በኡዝቤኮችና በታጂኮች ዘንድ፥ «ናጎራ» የሚባለው ጥንድ ነጋሪት ግን መቺው በትሩን ከማንሣቱ አስቀድሞ ድምፁ በሁለት ሰዎች እጅ ተወስኖ ያለቀ ነው፤ እነርሱም ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ናቸው።

የናጎራ ገላ አፉ ሰፊ፥ ታቹ የጠበበ የሸክላ ዕቃ ነው፤ ከሩቅ ላየው ድስት ይመስላል። በዚያ አገር ወንዝ ከሚያጠጣው መሬት ባሻገር ያለው አብዛኛው ምድረ በዳ ስለ ሆነ ወፍራም ግንድ እንደ ልብ አይገኝም፤ ለሸክላ የሚሆን አፈር ግን ሞልቷል። ሸክላ የተመረጠው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ወደ ምሥራቅ፥ በኡይጉሮች ዘንድ፥ ከቀለጠ ብረት የተሠራም አለ።

ቆዳው ጠጉሩ ተፍቆ፥ ርጥብ እንዳለ በአፉ ላይ ይዘረጋል። ከጫፉ የሚነሣው ጠፍር እንደ መረብ እየተጠላለፈ ሸክላውን እስከ ታች ድረስ ያቅፈዋል። ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ጠፍሩም አብሮ ይከራል፤ ድምፁ የሚወለደው ያን ጊዜ ነው። ማጥበቂያ ቁልፍ ስለሌለው፥ ርጥብ አየር ቆዳውን ያላላው እንደ ሆነ መቺው ከእሳት አጠገብ ወይም ከፀሐይ አኑሮ ያሞቀዋል። ሸክላው አንድ ጊዜ ከተተኰሰ በኋላ አይለወጥም፤ ቆዳው ግን እንደ አየሩ ጠባዩን ይለውጣል።

ጥንዱ መንትያ አይደለም። አንዱ ቀጭን፥ ሁለተኛው ወፈር ያለ ድምፅ ይሰጣል። ሁለቱ በአንድነት ሲታሰሩ «ቆሽ ናጎራ» ይባላሉ፤ «ቆሽ» በቱርክ ወገን ቋንቋዎች ጥንድ ማለት ነው።

በቡኻራ፥ አርክ በሚባለው የአሚሮች ግንብ ዋና በር ላይ፥ የነጋሪት መቺዎች ስፍራ ነበረ። የመጨረሻው አሚር አሊም ኻን እ.ኤ.አ. በ1920 ከተማውን ለቆ ከሸሸ በኋላ የቤተ መንግሥቱ ነጋሪት ዝም ቢልም፥ ናጎራ ዛሬም ከሱርናይና ሁለት ሜትር ያህል ከሚረዝመው የካርናይ መለከት ጋር በሰርግ ይሰማል።

ተማሪዎች የስሙን መመሳሰል አይተው ይጠይቁን ይሆናል። ናጎራ የመጣው «መታ» ከሚለው የዓረብኛ ግሥ ነው፤ የእኛን ነጋሪት ግን ሊቃውንቶቻችን «ነገረ» ከሚለው ግሥ ያወጡታል። በፊደል መቀራረብ ብቻ ዘመድ አናድርጋቸው።

በአገራችን ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ ሲናቁ ኖረዋል። እነዚህን ባለሙያዎች ወደ እጅ ሥራ ክፍል ጋብዘን፥ መጠናቸው የተለያየ ሁለት ድስቶች ቆዳ ቢያለብሱልን መልካም ነው። ተማሪው ቆዳው ከመሞቁ በፊትና ከሞቀ በኋላ መትቶ፥ ልዩነቱን በገዛ ጆሮው ሰምቶ በደብተሩ ይጻፍ።