በጨዋታ ዓለም ስለሚነገሩ ቋንቋዎችና ዘዬዎች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



በበዓል ቀን ስለ ጨዋታ እንናገራለን ስንል «ልጆቹ ሥራ ፈትተዋል» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን አባቶቻችን ገበጣና ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ስሌትንና ትዕግሥትን ይማሩበት እንደ ነበረ ሁሉ፣ እኛም ከአንድ ጨዋታ ስለ ቋንቋ ያገኘነው ትምህርት አለና እርሱን ልናካፍላችሁ ተነሥተናል።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አራት ወይም አምስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንደኛው ተራኪ ሆኖ ታሪኩን ይመራል። ሌሎቹም እያንዳንዳቸው በሐሳባቸው አንድ ሰው ፈጥረው፣ ወታደር ወይም አስማተኛ ወይም ሌባ ሆነው፣ ያ ሰው የሚናገረውን ይናገራሉ፣ የሚያደርገውንም ያደርጋሉ። ሥራው መቃናቱና አለመቃናቱ ቁጥር የተጻፈባቸውን ጠጠሮች በመወርወር ይታወቃል። የዚህ ዓይነት ጨዋታ በመጀመሪያ ታትሞ ለገበያ የቀረበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ሲሆን፣ ስሙ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ይባላል። ደራሲዎቹም ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ የጨዋታ ዓለም ሰው ብቻውን አይኖርም። ዕድሜያቸው የረዘመ የጫካ ነዋሪዎች ኤልፎች፣ በተራራ ሆድ ውስጥ ማዕድን የሚቆፍሩ ቁመተ አጭር ድዋርፎች፣ እሳት የሚተፉ ዘንዶዎችም አሉ። እነዚህ ሁሉ እንዴት ይነጋገራሉ? የ1974ቱ ደንብ መልስ የሚከተለው ነው። ከሰው ልጆች አብዛኞቹ አንድ የጋራ ቋንቋ ያውቃሉ። መናገር የሚችሉት ሌሎች ፍጥረታት ግን የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ከእነርሱም መካከል የጋራውን ቋንቋ የሚያውቁት ከመቶ 20ው ብቻ ናቸው። ስለዚህ መንገደኞቹ ከሚያገኟቸው ከአምስቱ ከአራቱ ጋር በጋራው ቋንቋ መግባባት አይችሉም ማለት ነው። ከመካከላቸው አንዱ የዚያን ወገን ቋንቋ የሚያውቅ እንደ ሆነ ግን፣ በሰይፍ ሊያልቅ የነበረው ጠብ በቃል ያልቃል። የጓዶቹን ሕይወት የሚያድን እንዲህ ያለው አስተርጓሚ ነው።

ይሁን እንጂ ደንቡን ስንመረምረው ሁለት ነገሮች አላጠገቡንም።

አንደኛው፣ በዚያው ደንብ ለሥርዓት ለቆሙት፣ ለሁከት ለቆሙትና ለገለልተኞቹ ለየብቻ ቋንቋ ተሰጥቷቸዋል። ይህ ከእውነት የራቀ ነው። በአንድ መንደር ያደጉ ደግ ሰውና ሌባ የሚናገሩት ያንኑ የእናታቸውን ቋንቋ ነው። በኋላ የወጡት ደንቦች ይህን ሐሳብ መተዋቸው ተገቢ ነበር እንላለን። እርግጥ ነው፣ ሰዎች በሙያቸው ምክንያት የምሥጢር አነጋገር ያበጃሉ። በጨዋታውም የሌቦች ስውር ቋንቋ አለ፤ በ2014 በወጣው ደንብ መሠረት በዚህ ቋንቋ አንድ መልእክት ለማስተላለፍ በግልጽ ከመናገር አራት እጥፍ ጊዜ ይፈጃል። ይህ ነገር እውነተኛ መነሻ አለው፤ በ16ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የሚዘዋወሩ ሌቦችና ለማኞች እንዲህ ያለ አነጋገር ነበራቸው። በአገራችንም አዝማሪዎች ሌላው ሰው የማይሰማው አነጋገር አላቸው። ቢሆንም አዝማሪው ቃሉን ይለዋውጣል እንጂ ሰዋስውን ከሕዝቡ ጋር ይጋራል።

ሁለተኛው፣ ኤልፍ ሁሉ አንድ የኤልፍ ቋንቋ፣ ድዋርፍ ሁሉ አንድ የድዋርፍ ቋንቋ እንዲናገር ተደርጓል። በተራራና በባሕር ተለያይተው ብዙ ዘመን የኖሩ ሰዎች እንደምን አንድ ዓይነት ይናገራሉ? ይህን ነገር በሚገባ የተረዳው፣ ለጨዋታው ከመነሻዎቹ አንዱ የሆነው የኦክስፎርዱ ፕሮፌሰር ጄ. አር. አር. ቶልኪን ነበር። ቶልኪን የጥንት እንግሊዝኛ ሊቅ ሲሆን «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለውን ድርሰቱን በ1954 እና በ1955 አሳተመ። ራሱ እንዳስረዳው፣ አስቀድሞ የፈጠረው ቋንቋዎቹን ነበር፤ ታሪኮቹን የጻፈውም ለቋንቋዎቹ መኖሪያ ዓለም እንዲሆኑ ነው። የእርሱ ኤልፎች ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ የተወለዱ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች አሏቸው። ክዌንያ የተባለው፣ የፊንላንድን ቋንቋ ድምፅ የተከተለው፣ ለመዝሙር፣ ለሥነ ሥርዓትና ለጥንት ዕውቀት የቀረ ነው። ሲንዳሪን የተባለው የዌልስን ቋንቋ ይመስላል፤ የዕለት መነጋገሪያቸውም እርሱ ነው። ግዕዝ በቅዳሴና በቅኔ ሲሰማ፣ በገበያ ደግሞ አማርኛና ትግርኛ ሲነገሩ እየሰማን ላደግነው ለእኛ ይህን መረዳት አያስቸግረንም።

የ2014ቱ ደንብም ወደዚህ ሐሳብ ጥቂት ቀረብ ብሏል። የአየር፣ የውሃ፣ የእሳትና የምድር ፍጥረታት አንድ ቋንቋ በአራት ዘዬ ይናገራሉ፤ ዘዬያቸው ቢለያይም እርስ በርሳቸው ይግባባሉ። የድዋርፎችም ፊደል ጠላቶቻቸው የሆኑት ኦርኮችና ጎብሊኖች ቋንቋቸውን የሚጽፉበት ፊደል ነው። የእኛም ፊደል ግዕዝን፣ አማርኛንና ትግርኛን ሁሉ ሲያገለግል ይኖራል።

የዘዬ ልዩነት ቀላል ነገር የሚመስለው ቢኖር መጽሐፈ መሳፍንትን ምዕራፍ 12 ይመልከት። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው፣ ሸሽቶ የሚመጣውን ሁሉ «ሺቦሌት» በል ይሉት ነበር። የኤፍሬም ሰው «ሺ» ማለት ስለማይሆንለት «ሲቦሌት» ሲል ይታወቅና ይገደል ነበር። በዚያን ጊዜ ከኤፍሬም ወገን 42,000 ሰዎች እንደ ሞቱ ተጽፏል። ሁለቱም ወገኖች የአንድ አባት ልጆች ነበሩ። በመሻገሪያው ላይ ሞትንና ሕይወትን የለየው አንድ ድምፅ ነው።

በትምህርት ቤታችን ግቢ ሰይፍ የለም፤ ሣቅ ግን አለ። የጎጃም ወይም የወሎ ወይም የመንዝ ልጅ በአገሩ አነጋገር ቆሞ ሲያነብ፣ ወይም በቤቱ ኦሮምኛ እየተናገረ ያደገ ልጅ አንዱን የአማርኛ ድምፅ ሲያጠብቅ ወይም ሲያላላ፣ ከኋላ ወንበር የሚሣቅ አይታጣም። የተሣቀበትም ልጅ በማግሥቱ እጁን አያነሣም። መልሱን እያወቀ ዝም ይላል። እርሱ ዝም ሲል ክፍሉ በሙሉ አንድ አዋቂ አጣ ማለት ነው። በጨዋታው ጠረጴዛ ዙሪያ ግን ሁለትና ሦስት ቋንቋ የሚያውቅ ጓድ ሁሉም «ከእኛ ጋር ሁን» የሚለው ሰው ነው። በክፍላችን ውስጥም እንዲሁ ሊሆን ይገባዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናለን። ጓደኞቻችን ሆይ፣ በጨዋታም ሆነ በድርሰት የራሳችሁን ዓለም ስትፈጥሩ፣ ለደገኛውና ለቆለኛው የየራሱን አነጋገር ስጡት፤ በአነጋገሩም መሣቂያ አታድርጉት። ወላጆቻችን ሆይ፣ በእንግዳ ፊት የአገራችሁን ቋንቋ ለመናገር አትፈሩ፤ ከእናንተ ካልሰማነው ከማንም አንሰማውምና። መምህራኖቻችን ሆይ፣ በሚመጣው ዕረፍት እያንዳንዱ ተማሪ አያቶቹን ጠይቆ የእርሻና የማጀት ዕቃ ስሞችን በአካባቢያቸው አነጋገር ጽፎ እንዲመጣ እዘዙልን። ሞፈሩና ቀንበሩ፣ ድግሩና ማረሻው፣ ምጣዱና እንስራው በየአገሩ ምን እንደሚባሉ በአንድ ደብተር ተሰብስቦ በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ያንን ደብተር ገልጠው የአያታቸውን ቃል ቢያገኙበት፣ ለትምህርት ቤታችን በዓል ካበረከትናቸው ስጦታዎች አንዱ ይሆናል።