ሁለቱም ዓይን ይጠበቅ

የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፣ ውድ የጎንደር ተመራቂዎች፦

ስለ ድሮ የስሪዲ ፊልሞች አጠባበቅ እናገራለሁ ስል «ሐኪም እዚያ ምን ወሰዳት?» ያላችሁኝ አላችሁ። ነገሩ የዓይን ሕክምና ስንማር ያወቅነው ነው። ሁለቱ ዓይኖቻችን ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ተራርቀው አንዱን ነገር ትንሽ ለየት አድርገው ያያሉ፤ አንጎል ሁለቱን አገናኝቶ ጥልቀት ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት አብዛኞቹ የስሪዲ ፊልሞችም እንዲሁ ናቸው፦ ለግራ ዓይን አንድ ጥቅል፣ ለቀኝ ዓይን ሌላ ጥቅል፣ በሁለት ፕሮጀክተር እኩል የሚሄዱ። መነጽሩ ለየዓይኑ የራሱን ምስል ያደርሳል።

አንዱ ጥቅል ቢጠፋ ታሪኩ አሁንም ይታያል፤ ጥልቀቱ ግን የለም። ለዚህ ነው ጥንድ ሆኖ መጠበቅ ያለበት።

እድሳቱ እንደ ቀዶ ሕክምና ትዕግሥት ይፈልጋል። የግራና የቀኙ ፍሬም አንድ በአንድ ይነጻጸራል። ከአንደኛው ፍሬም ከተቆረጠ ሁለቱ ይዛነፋሉ። አንዱ ከሌላው ትንሽ ከፍ ካለማ ተመልካቹን ራስ ምታት ይይዘዋል፤ ዓይናችን የጎኑን ልዩነት ይችላል፣ የላይና የታቹን አይችልም። አሜሪካ ውስጥ «ስሪዲ ፊልም አርካይቭ» ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተያያዘው ሥራ ይኸው ነው።

በ1953 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ሃውስ ኦፍ ዋክስ» ያዘጋጀው አንድሬ ዴ ቶት የሚያየው በአንድ ዓይኑ ብቻ ነበር። የራሱን ፊልም ጥልቀት እሱ ሳያይ ለሌላው ሠራ። ጠባቂም እንደዚያ ነው፤ እሱ ባያይበት እንኳ ለሚያይ ያቆያል።

ታዲያ ጠላቱ ማን ነው? ሙቀትና እርጥበት። የአሴቴት ፊልም ሲበላሽ አቼቶ አቼቶ ይሸታል፤ ትነቱ አጠገቡ ያሉትንም ያበላሻል። እንደ ተላላፊ በሽተኛ ለብቻው ማድረግ ነው። እኛ ሳንጃ ቆላ ውስጥ የምንሠራ፣ ማቀዝቀዣ ሲቋረጥ ክትባት ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ለፊልምም ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ዕድሜ ነው።

የጎንደሩ ተወላጅ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ስሪዲ አይደለም፤ በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ ታድሶ በካን ፌስቲቫል የጥንታዊ ፊልሞች ዝግጅት ላይ ታየ። የሚታደስ ነገር ስለ ቆየ ነው የታደሰው። ያልቆየን ማንም አያድስም።

የእኛ ትምህርት ቤት ከተመሠረተ፣ ከ1947 ዓ.ም. ወዲህ፣ ስንት ትውልድ አልፏል። ስለዚህ ልመናዬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ቤታችሁ የድሮ የፊልም ጥቅል፣ ስላይድ፣ ጥንድ ራጅ ወይም ጥንድ የዓይን ፎቶ ካለ ሳትጥሉ አሳውቁን፤ ጥንዱ በአንድ ፖስታ ይሁን። ሁለተኛ፣ «ስካን ተደርጓል» ተብሎ ዋናው አይጣል፤ ነገ የተሻለ ስካነር ይመጣል፣ ዋናው ግን አይመለስም። ሦስተኛ፣ መምህራኖቻችን፣ አንዲት ቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል፣ አንድ መዝገብና አንድ ኃላፊ ይመደብልን። ቢሮ በተጸዳ ቁጥር የሚወጣው ካርቶን ውስጥ ምን እንዳለ ሳይታይ አይውጣ።